ግጥም የሚጽፈው ድራመር፦ ስለ ኒል ፒርት ጥያቄና መልስ

አወያይ፦ የዛሬ ቅዳሜ ርዕሳችን ኒል ፒርት ነው፤ የካናዳው የሮክ ባንድ የረሽ ድራመርና የዘፈኖቹ ግጥም ጸሐፊ። የሚመልሱልን ጋሽ ሜትሮኖም ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን (ሜትሮኖም ፍጥነት እንዳይዛባ የሚቆጥር መሣሪያ ነው)፤ እሳቸውም አልጠሉትም። ከፒያሳም ከአራት ኪሎም ያላችሁ ተራ በተራ ጠይቁ።

ጋሽ ሜትሮኖም፦ እንደምን ዋላችሁ። መጀመሪያ እንግባባ። የምጠቅሰው ዓመት የፈረንጅ ነው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ። ስለ አንድ ዘፈን የሚጠይቅ ሰው የዘፈኑን ስም፣ ያስቸገረውን ቦታና የሚለማመድበትን ፍጥነት (በደቂቃ ስንት ምት) ይጻፍ። «አልሆን አለኝ» ብቻ ለሚል ሰው መልስ የለኝም። ደግሞ ሁሌም እንደምለው፣ ጆሮውን ሳይሸፍን ድራም ላይ የሚቀመጥ ሰው ምክር አይጠይቀኝ።

ሃኒ (ቸርችል)፦ ጋሼ፣ ለማያውቁት ሕይወቱን ባጭሩ ቢነግሩን?

ጋሽ ሜትሮኖም፦ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1952 ኦንታሪዮ፣ ሃሚልተን ተወለደ። በእኛ መስከረም 2 ቀን 1945፣ የእንቁጣጣሽ ማግስት ማለት ነው። ያደገው ሴንት ካትሪንስ ነው። 13 ዓመት ሲሞላው ወላጆቹ ስቲክ (መምቻ ዘንግ) እና መለማመጃ ፓድ ገዝተው መምህር ቀጠሩለት፤ ሙሉ ድራም ያገኘው ከዓመት በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፦ ፓድ፣ መምህር፣ ከዚያ ድራም። 18 ዓመቱ ላይ ሙዚቀኛ እሆናለሁ ብሎ ለንደን ሄደ፤ ብዙውን ጊዜ ካርናቢ ጎዳና ላይ ዕቃ ሲሸጥ ከርሞ ተመለሰ፤ አባቱ የእርሻ መሣሪያ የሚሸጡበት ቦታም ተቀጠረ። ጁላይ 29 ቀን 1974 ረሽን ተቀላቀለ። የመጀመሪያው ድራመር ጆን ራትሲ አንድ አልበም ቀርጾ ለቅቆ ነበር፤ ባንዱ ደግሞ አሜሪካን ለመዞር ቀን ተቆርጦለታል። ኦገስት 14 ፒትስበርግ ላይ ከዩራያ ሂፕና ከማንፍሬድ ማን ባንዶች በፊት ወጥተው ከ11 ሺህ በላይ ሰው ፊት ተጫወቱ። ለመዘጋጀት የነበረው 16 ቀን ነው። የመጨረሻው መድረክ ኦገስት 1 ቀን 2015 ሎስ አንጀለስ ነበር። ጃንዋሪ 7 ቀን 2020 በአንጎል ካንሰር ዐረፈ። በእኛ ታኅሣሥ 28 ቀን 2012፣ የገና ዕለት።

ናቲ (ሠራተኛ ሰፈር)፦ ስንት ድራም ነበረው ግን?

ጋሽ ሜትሮኖም፦ ቁጥሩ እንደ ዘመኑ ይለያያል። የሠሪዎቹ ስም ከሆነ፦ ስሊንገርላንድ፣ ከዚያ ታማ፣ ከዚያ ሉድዊግ፣ በመጨረሻ ዲደብልዩ። ቀጥሉ።

አቤ (አራት ኪሎ)፦ ድራመር ሆኖ ግጥሙን የሚጽፈው እሱ እንዴት ሆነ? ግጥም መጻፉስ አመታቱን ለውጦታል?

ጋሽ ሜትሮኖም፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። የባንዱ ሌሎች ሁለት አባላት፣ ዘፋኙ ጌዲ ሊና ጊታሪስቱ አሌክስ ላይፍሰን፣ ዜማ ይወዳሉ፤ ግጥም ግን ሸክም ሆኖባቸው ነበር። አዲሱ ድራመር መጽሐፍ ከእጁ የማይለይ ሰው ሆነና ሥራውን ሰጡት። ከ1975ቱ ፍላይ ባይ ናይት አልበም ጀምሮ የረሽ ግጥም በአብዛኛው የሱ ነው። በ1976 የወጣው «2112» የተባለው አልበም አንድ የሸክላ ገጽ የሚሞላ፣ ሰባት ክፍልና 20 ደቂቃ ገደማ ያለው ታሪክ አለው። ያውም ከሱ በፊት የወጣው አልበም ሳይሸጥ ቀርቶ የሸክላ ኩባንያው አጫጭር ዘፈን አምጡ እያለ በሚጨቀጭቅበት ሰዓት ነው።

አሠራሩን እዩ። ፒርት ብቻውን አንድ ክፍል ውስጥ ይጽፋል፤ ሁለቱ ሌላ ክፍል ውስጥ ዜማ ይሠራሉ። ወረቀቱ ለጌዲ ሊ ይደርሳል። የሚዘፍነው እሱ ስለሆነ አፉ ላይ የሚሄድለትን መስመር ይመርጣል፤ አንዳንዴ ከሙሉ ገጽ የሚተርፈው ጥቂት ስንኝ ነው። ቀሪው ይመለስና ፒርት እንደገና ይጽፈዋል። ቃሉና ዜማው ከተጋጠሙ በኋላ ነው ድራሙን የሚሠራው፤ በተቀዳው ናሙና ላይ ደጋግሞ እየተጫወተ፣ ሁሉንም ሞክሮ፣ የማይረባውን እየጣለ። ያለቀለት ድራም ደግሞ ያለቀለት ነው። በየመድረኩ ያንኑ ፊል (ክፍተት የሚሞላ አጭር የድራም ሐረግ) በዚያው ቦታ ትሰማላችሁ። ብዙ ሰው በመድረክ ላይ የሚፈጥር ይመስለዋል፤ በአብዛኛው አስቀድሞ የተደረሰ ነው።

ለአመታቱ ያመጣውን ለውጥ ለማወቅ ፊሎቹ የት እንደሚወድቁ ቁጠሩ። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ስንኙ አልቆ ሌላው ሳይጀምር። ግጥሙን የጻፈው እሱ ስለሆነ የትኛው ቃል መሰማት እንዳለበት ያውቃል፤ እዚያ ላይ ክራሽ (በኃይል የሚጮኸውን የነሐስ ሲምባል) አይመታም። የእኛ ልጆች ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። ዘፋኙ ዋናውን ቃል ሊል አፉን ሲከፍት ቶሞቹን (ፊል የሚመታባቸውን ድራሞች) ይወርዱበታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ድራሙን ከማጥናታችሁ በፊት ግጥሙን በእጃችሁ ገልብጡ፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ሁሉ ላይ ጭረት አድርጉ፣ ፊል የሚገባው ጭረቱ ላይ ብቻ ይሁን።

ሳሚ (ቤዝ ተጫዋች)፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ግጥም የጻፈ ሰው ዘፈን ጻፈ ይባላል እንዴ? የካሴት ሽፋን ላይ እኮ ግጥም ለብቻ፣ ዜማ ለብቻ፣ ቅንብር ለብቻ ነው የሚጻፈው። ፒርት ግጥም ደራሲ ነው፣ አለቀ። ዘፈን የጻፈ ድራመር ከፈለጋችሁ የጄነሲሱ ፊል ኮሊንስ አለ፣ የኩዊኑ ሮጀር ቴይለር አለ።

ጆሲ (እሪ በከንቱ)፦ ቴይለር ሬዲዮ ጋ ጋን ራሱ ነው የጻፈው፤ ግጥሙንም ዜማውንም። ልክ ነህ ሳሚ።

ሃኒ (ቸርችል)፦ ኮሊንስም ቴይለርም ይዘፍናሉ፤ ፒርት አይዘፍንም። ለሌላ ሰው ጉሮሮ መጻፍ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። በሕግም ብትሄዱ፣ የእኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግጥም ጸሐፊውንም ዜማ ደራሲውንም የሥራ አመንጪ ነው የሚላቸው። ድራም ብቻ የመታ ሰው ከዋኝ ነው፤ የሱ መብት ተዛማጅ መብት ነው። ባንድ ውስጥ ያላችሁ ልዩነቱን ቀረጻ ከመግባታችሁ በፊት በጽሑፍ አድርጉት።

ሳሚ (ቤዝ ተጫዋች)፦ እኔ ስለ ሕግ አላወራሁም፤ ያወራሁት ስለ ዜማ ነው።

ጆሲ (እሪ በከንቱ)፦ ዜማ የሌለው ግጥም መጽሔት ላይ ይወጣል እንጂ ዘፈን አይሆንም።

ሃኒ (ቸርችል)፦ ግጥም የሌለው ዜማስ? ማሲንቆ የሚመታ ሰው ግጥም ባይነግሩት ምን ሊዘፍን ነው?

ጋሽ ሜትሮኖም፦ በቃ። ሳሚ፣ በ1981 በወጣው ሙቪንግ ፒክቸርስ ላይ ዋይዋይዚ የሚባል ግጥም የሌለው ሙዚቃ አለ። ደራሲዎቹ ሊና ፒርት ናቸው። ስለዚህ «ግጥም ብቻ» የምትለው እዚያ ላይ ይወድቅብሃል። ያው አልበም ላይ ያለው ቶም ሶየር ደግሞ ግጥሙ የሱ ብቻ አይደለም፤ ፓይ ዱቧ የሚባል ገጣሚ የላከውን ጽሑፍ ተቀብሎ ጨምሮበት ነው የሠራው፣ ሽፋኑም የሁለቱንም ስም ይዟል። ስለ አዋጁ ሃኒ የጻፈችው ይበቃል፤ ሕግ እኔን አትጠይቁኝ።

ቢኒ (ካዛንቺስ)፦ ቶም ሶየር አልሆን አለኝ ጋሼ።

ጋሽ ሜትሮኖም፦ ምኑ? የት? በስንት? መጀመሪያ ምን አልኩ?

ሚኪ (የድሮ ዶሮ ማነቂያ)፦ እኔ የምጠይቀው ስለ ግጥም ነው። እንደ ረሽ ዘፈን እንደ ሊምላይት በ7 የሚቆጠር ነገር በአማርኛ መጻፍ እፈልጋለሁ። ባለ 12 ቀለም (የቃል ክፍል) ስንኝ ነው የምጽፈው። በ7 ስንዘፍነው ዘፋኛችን ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከቆጠራ ይወጣል። ፍጥነቱ በኤትዝ ኖት (የአንድ ምት ግማሽ) በደቂቃ 200 ነው።

ጋሽ ሜትሮኖም፦ ቁጥር ይዞ የመጣ የመጀመሪያው ሰው። ተመልከት፤ ስህተቱ ከድራምህ አይደለም፣ ከመረጥከው የግጥም ቤት (ምጣኔ) ነው። ባለ 12 የምትለው የወል ቤት ነው፣ 6 ሲደመር 6። በ7 ውስጥ ስድስት ቀለም ስታስቀምጥ የሚተርፍህ አንድ ቆጠራ ነው። በ200 አንድ ቆጠራ 0.3 ሰከንድ ነው፤ በዚያ ውስጥ ሰው አይተነፍስም። ዘፋኝህ ሳይተነፍስ ወደ ሁለተኛው ይገባና አየር ሲያጥረው አንድ ቆጠራ ይሰርቃል። ከዚያ አንተ 7፣ እሱ 8።

ሰንጎ መገን ጻፍ፤ 5 ሲደመር 5። 7ን 2፣ 2፣ 3 ብለህ ክፈለው። እዚሁ የምሠራልህን ስንኝ ውሰድ፦ «መሸ ፒያሳ፣ መብራት ጠፋና»። መ-ሸ ሁለቱ፣ ፒ-ያ ሁለቱ፣ ሳ አምስተኛው ላይ ያርፋል፤ 6 እና 7 ባዶ ናቸው። ቀጣዩ ባር (ሌላ ሙሉ የ7 ዙር)፦ መብ-ራት፣ ጠ-ፋ፣ ና፤ እንደገና ሁለት ባዶ። ጠንካራዎቹ ቆጠራዎች 1፣ 3 እና 5 ናቸው፤ የወደቁትም መ፣ ፒ፣ ሳ ላይ ነው፤ ሁለተኛው ባር ላይ መብ፣ ጠ፣ ና። ምንም ሳታስገድደው ይገጥማል። ቤዝ ድራም (በእግር የሚመታው ትልቁ) 1 እና 5 ላይ፣ ስኔር (ከሥሩ ሽቦ ያለው) 3 ላይ፣ ሀይሃት (ጥንዱ ሲምባል) ሁሉንም። ፊል ከፈለግህ ቦታው 6 እና 7 ነው፤ በየባሩ ግን አትሙላው፣ በአራት ባር አንዴ ይበቃል። ዘፋኙ ያለው ትንፋሽ ያ ብቻ ነው።

የወል ቤቱን አልለቅም ካልክ መውጫ አለ። ስድስቱን ቀለም ወደ አራት ቆጠራ አጥብበው፦ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀለሞች በሲክስቲንዝ (የኤትዝ ግማሽ) ሁለት ቆጠራ ውስጥ፣ የቀሩትን ሁለት በኤትዝ። ሦስት ቆጠራ ይተርፍሃል። ይሄን ግን 200 ላይ አትሞክረው፤ ቃሉ ይጨማለቃል። ወደ 150 አውርደው። ቡሄ በሉ ቤት፣ 4 ሲደመር 4፣ ከሁሉም ይቀላል፤ አራት ቀለም፣ ሦስት ባዶ። እሱ ለጀማሪ ዘፋኝ ነው።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ስንኙን ስትጽፍ ጠረጴዛ እየመታህ በአፍህ በለው እንጂ በዓይንህ ቀለም አትቁጠር። ሳድሱ አንዳንዴ ይቆጠራል፣ አንዳንዴ ይዋጣል። ወረቀት ላይ ስድስት የመሰለህ አፍ ላይ አምስት ይሆናል።

ጆሲ (እሪ በከንቱ)፦ ለምን 7 አስፈለገ ግን? ቺክቺካችን እያለ?

ሚኪ (የድሮ ዶሮ ማነቂያ)፦ ቺክቺካ ማን ከለከለህ ጆሲ።

ጆሲ (እሪ በከንቱ)፦ ፈረንጅ በ7 ስለቆጠረ እኛም በ7? ቺክቺካ ራሱ በሁለትም በሦስትም ይሰማል፤ ከዚያ በላይ ምን ውስብስብ ትፈልጋለህ?

ሳሚ (ቤዝ ተጫዋች)፦ እውነቱን ነው። ቤዙ ሁለት ሲይዝ ከበሮው ሦስት ይይዛል፣ ጭፈራው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ናቲ (ሠራተኛ ሰፈር)፦ ሮክ በቺክቺካ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ይሄን እንነጋገር።

ጋሽ ሜትሮኖም፦ አንነጋገርም። ቺክቺካ 6/8 ነው፣ ቆንጆ ነው፣ ሌላ ቅዳሜ ይገባዋል። ጥያቄ ያለው?

ቢኒ (ካዛንቺስ)፦ እሺ ጋሼ፣ አስተካክዬ መጣሁ። ቶም ሶየር፣ ግጥሙ ሲጀምር ያለው ሀይሃት። በአንድ እጅ ሲክስቲንዝ ነው የሚመታው። 88 ላይ እለማመዳለሁ፤ የመጀመሪያው ስንኝ ሳያልቅ ክንዴ ይደርቃል።

ጋሽ ሜትሮኖም፦ አሁን ተግባባን። 88 ላይ አራት አራት ማለት በደቂቃ 352 ምት ነው። በእያንዳንዱ ምት አንጓህን የምታነሳ ከሆነ መድረቅህ አይቀርም። ሚስጥሩ እጅ አንዴ ሲወርድና ሲነሳ ሁለት ምት ማግኘት ነው። እጅህ ሲወርድ የስቲኩ ወፍራም ጎን የሀይሃቱን ጠርዝ ይመታል፤ እጅህ ሲነሳ የስቲኩ ጫፍ የሀይሃቱን ፊት ይነካል። ጠርዝ፣ ፊት፣ ጠርዝ፣ ፊት። ስለዚህ 352 ምት ይሰማል፣ እጅህ የወረደው ግን 176 ጊዜ ነው። ድምፁም በራሱ ጠንከር፣ ላላ እያለ ይወጣል፤ ግሩቩ (የምቱ ፍሰት) የሚወዛወዘው ከዚያ ነው።

60 ላይ ጀምር። ሀይሃቱ ብቻ፤ ቤዝም ስኔርም የለም። ሦስት ደቂቃ ሳታቋርጥ ከሄድክ፣ ትከሻህም ካልተነሳ 64 ግባ። ትከሻ ከተነሳ ተመለስ። 76 ላይ ስትደርስ ስኔሩን 2 እና 4 ላይ ጨምር፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ግራ እጅ ስኔር ሲመታ ቀኙ አብሮ ይጠነክራል። ቤዝ ድራሙን ከሁሉም በኋላ አስገባ።

የሚበላሸው በሦስት ምክንያት ነው። አንድ፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ስቲኩን ያንቁታል፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች ሥራ ይፈታሉ። ስቲኩን አንድ ሰው ቢስበው ሊወጣ እስኪደርስ ላላ አድርገው። ሁለት፣ ሀይሃቱ ከፍ ብሎ ክርንህን ከጎንህ ያርቀዋል። ሦስት፣ መቀመጫው ዝቅ ይላል፤ ጭንህ ወደ ጉልበትህ በትንሹ ማዘንበል አለበት። ድካም ሌላ፣ ሕመም ሌላ ነው። ክንድህ ከሞቀ ቀጥል፤ አንጓህን ከወጋህ ስቲኩን አስቀምጥና ለዕለቱ ተወው። እና የጆሮ መሸፈኛ። ሀይሃት ከቶም የባሰ ጆሮ ይጎዳል፣ ቅርብ ስለሆነ።

ሰላም (አምባሳደር)፦ ስለ ልጁና ስለ ባለቤቱ አደጋ ዝርዝሩን ይነግሩን?

ጋሽ ሜትሮኖም፦ ልጁ ኦገስት 1997 በመኪና አደጋ ሞተች፤ ባለቤቱ ጁን 1998 በካንሰር። ሥራ አቆመና በሞተር ሳይክል 88,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ፤ ጉዞውንም በመጽሐፍ ጻፈው። ተመልሶ የተቀረጸው አልበም ቬፐር ትሬይልስ ነው፣ 2002። ከዚህ አልፌ ስለ ሰው ሐዘን አልተነትንም።

ሰላም (አምባሳደር)፦ እሺ፣ ይቅርታ። አፍሪካ መጥቶ ያውቃል?

ጋሽ ሜትሮኖም፦ ካሜሩንን በብስክሌት ዞሯል፣ 1988። መጽሐፉ 1996 ወጥቷል።

ዳኒ (ጊዮርጊስ)፦ እንደ ፒርት ዓይነት ትልቅ ኪት (ሙሉ የድራም ስብስብ) ፒያሳ ያገለገለ አገኘሁ። ልግዛ?

ጋሽ ሜትሮኖም፦ አትግዛ። ቤዝ፣ ስኔር፣ ሁለት ቶም፣ ፍሎር ቶም። አምስት ዕቃ በደንብ ያልተጫወተ ሰው አሥር ላይ ያው ነው፣ ለመቃኘት ብቻ ቀኑን ይጨርሳል። ያገለገለ ስትገዛ ግን ሻጩ የሚያሳይህን ቀለም ትተህ የሚከተለውን እይ።

ስኪኑን (የሚመታውን ቆዳ) አስፈታ። እንጨቱን የሱቁ መስታወት ጠረጴዛ ላይ ድፋው፣ የስልክህን መብራት ከውስጥ አብራ፣ ዙሪያውን እይ። ብርሃን የሚያሾልክበት ቦታ ካለ ጠርዙ ተበልቷል፤ ያ ድራም እዚያ ቦታ ላይ አይቃኝም፣ ምንም አዲስ ስኪን ብታለብሰው። ቀጥለህ ዲያሜትሩን በሁለት አቅጣጫ ለካ፤ የ3 ሚሊ ሜትር ልዩነት ካለ ክቡ ወጥቷል፣ ተወው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጣትህ አዙር፤ የሚዘል ካለ ጥርሱ አልቋል። የስኔሩን ሽቦ ማጥበቂያ አሥር ጊዜ ክፈት፣ ዝጋ። ቤዝ ፔዳሉን በእጅህ ወደ ታች ጫነውና ልቀቀው፤ ሳይንገዳገድ መመለስ አለበት። ሲምባሉን ከጠርዙ አንስተህ በጥፍርህ ዳስሰው፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ በሳምንት ወደ መሃል ይሄዳል። የማይታወቅ መጠን ያለው ቶም ከሆነ ደግሞ ሳትከፍል በፊት ስኪኑ ሱቅ ውስጥ መኖሩን አረጋግጥ።

ዳኒ (ጊዮርጊስ)፦ አመሰግናለሁ። ቤታችን አፓርታማ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ።

ጋሽ ሜትሮኖም፦ እንግዲያው ድራም ሳይሆን ፓድ ግዛ። ጎረቤት የሚጮኸው ስለ ስኔር ይመስልሃል፤ የታችኛውን ሰው የሚያስጮኸው የፔዳል ምት ነው፣ ወለሉን ይዞ ስለሚወርድ። ቤዙ ውስጥ ትራስ መክተት ያንን አያስቆመውም። ከፔዳሉ ሥር ወፍራም ጎማ፣ ከላዩ ጣውላ፣ ከላዩ ምንጣፍ። ኤሌክትሪክ ድራምም ቢሆን ፔዳሉ ያው ነው፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ እሱም ይሄዳል።

ናቲ (ሠራተኛ ሰፈር)፦ ደብል ፔዳል መቼ ልጀምር? ሰፊ ኪት እንደነበረውም ሰማሁ፣ በትክክል ስንት ቶም ነው?

ጋሽ ሜትሮኖም፦ ደብል ፔዳል፦ አንዱ እግርህ ያለ ሜትሮኖም ሲሄድ የማይፈጥንና የማይዘገይ ሲሆን። ስለ ቶሙ ከላይ አንብብ።

አቤ (አራት ኪሎ)፦ ጋሼ፣ ታዋቂ ከሆነ በኋላ እንደገና መምህር ጋ ሄደ የሚባለው እውነት ነው?

ጋሽ ሜትሮኖም፦ እውነት ነው፤ ከሕይወቱ ውስጥ ሙዚቀኛ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው ክፍልም እሱ ነው። ባንዱን ከተቀላቀለ 20 ዓመት ሆኖታል። ለጃዝ ድራመሩ ለበዲ ሪች መታሰቢያ የሚሆን አልበም ሲያዘጋጅ አብረውት የተጫወቱትን ድራመሮች አየ፤ አንደኛው ከሚያውቀው ጊዜ ይልቅ እጅግ ተፍታቶ ይጫወታል። ምን አግኝቶ እንደሆነ ሲያጣራ ፍሬዲ ግሩበር የሚባል መምህር ሆኖ ተገኘ። ፒርትም በ1994 እሱ ጋ ገባ።

ግሩበር የሚያስተምረው በምትና በምት መካከል ያለውን እንቅስቃሴ ነው። ስቲኩ ከመታ በኋላ ወዴት ይሄዳል? በቀጥታ ወጥቶ ይቆማል ወይስ ዞሮ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል? የቆመ እጅ እንደገና ለመነሳት ጉልበት ይፈልጋል፤ የዞረ እጅ አይፈልግም። ፒርት የስቲክ አያያዙን ወደ ትራዲሽናል (ግራ መዳፍ ወደ ላይ ዞሮ የሚያዝበት የጥንቱ አያያዝ) ለወጠ፣ መቀመጫውን፣ የድራሞቹን አቀማመጥ ሁሉ ቀየረ፣ በየቀኑ እየተለማመደ ወራት ቆየ። የ1996ቱ አልበም ቴስት ፎር ኤኮ የዚያ ውጤት ነው። በ2007 ደግሞ ጃዝ ድራመሩ ፒተር ኧርስካይን ጋ ሄዶ እንደገና ተማረ፤ ያኔ 55 ዓመት ሊሞላው ነበር።

ሳሚ (ቤዝ ተጫዋች)፦ ስለዚህ ትራዲሽናል አያያዝ ይሻላል ማለት ነው?

ናቲ (ሠራተኛ ሰፈር)፦ ይሻላል፣ ጃዝ ተጫዋች ሁሉ የሚይዘው እሱን ነው።

ቢኒ (ካዛንቺስ)፦ ለሮክ ግን ኃይል የለውም። ግራ እጅ ስኔር ላይ ይደክማል።

ናቲ (ሠራተኛ ሰፈር)፦ ፒርት ሮክ አይደለም እንዴ?

ቢኒ (ካዛንቺስ)፦ ፒርት ራሱ ኃይል ሲፈልግ ወደ ድሮው ይመለስ ነበር።

ጋሽ ሜትሮኖም፦ ቢኒ ልክ ነው፣ ሁለቱንም ይጠቀም ነበር። ናቲ፣ ያነበብከው ስለ አያያዝ ነው፣ የጻፍኩት ግን ስለ እንቅስቃሴ ነው።

ሚኪ (የድሮ ዶሮ ማነቂያ)፦ ዋይዋይዚ መግቢያው የሞርስ ኮድ (በነጥብና በሰረዝ የሚጻፈው የቴሌግራፍ ፊደል) ነው ይባላል። የአውሮፕላን ማረፊያ ኮድ ከሆነ የቦሌን ልንሠራው እንችላለን?

ጋሽ ሜትሮኖም፦ ይሄን ማን እንደሚጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር። ዋይዋይዚ የቶሮንቶ አውሮፕላን ማረፊያ መለያ ነው። ሰረዝን ሁለት ሲክስቲንዝ፣ ነጥብን አንድ ሲክስቲንዝ አድርጉ። ዋይ፦ ሰረዝ፣ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፤ 2 ሲደመር 1 ሲደመር 2 ሲደመር 2፣ 7። ሁለተኛው ዋይ እንደገና 7። ዚ፦ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፤ 6። ድምሩ 20 ሲክስቲንዝ፣ ማለትም 10/8። ሰው በ5 ሲቆጥረው የሚጠፋበት ሁለተኛው ዋይ ከቆጠራ መሃል ስለሚነሳ ነው። በፊደሎቹ፣ 7፣ 7፣ 6 ብላችሁ ያዙት እንጂ በእግራችሁ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 አትበሉ። እግር የሚጨመረው እጅ ከለመደ በኋላ ነው።

የቦሌው ኤ-ዲ-ዲ ነው። ኤ ነጥብና ሰረዝ፣ 3። ዲ ሰረዝ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ 4። ሁለተኛው ዲ 4። ድምሩ 11፤ 11/16። ከቶሮንቶው ያጥራል፣ ግን ይከብዳል። ሰረዞቹን ቀኝ እጅ ራይድ (ትልቁ ሲምባል) ላይ ከቤዝ ድራም ጋር፣ ነጥቦቹን ግራ እጅ ስኔር ላይ በቀስታ። ስለዚህ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ግራ፤ ቀኞቹ ሁሉ ሁለት ይይዛሉ። መጨረሻው ግራ፣ መጀመሪያውም ግራ ነው፤ ሲደገም ሦስት ግራ ይከታተላል፣ እዚያ ላይ ስቲኩ ይንሸራተታል። ካስቸገረ የመጀመሪያዋን ነጥብ በቀኝ ሀይሃት ላይ ምታት።

ሚኪ (የድሮ ዶሮ ማነቂያ)፦ አሁኑኑ ፓድ ላይ ሞከርኩት፣ 90 ላይ። በአራተኛው ዙር ከሜትሮኖሙ ወጣሁ።

ጋሽ ሜትሮኖም፦ ሜትሮኖምህ በአራት አራት ነው የሚመታው፤ 11 ደግሞ ለአራት አይካፈልም። ሲክስቲንዙን እንዲመታልህ አድርገው። ሌላው፣ እጃችሁ 12 ስለለመደ ሳታውቀው አንዷን ጨምረህ ይሆናል፤ የምትጨመረውም ከሁለተኛው ዲ በኋላ ነው። ድምፅህን ቅዳና ከመጨረሻው ነጥብ እስከ መጀመሪያው ነጥብ ያለውን ስማ፤ ክፍተት ካለ 12 መትተሃል። 60 ላይ፣ በአፍህ እየቆጠርክ፤ 3፣ 4፣ 4።

ሚኪ (የድሮ ዶሮ ማነቂያ)፦ ክፍተት አለው።

ጋሽ ሜትሮኖም፦ 50 ላይ።